በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ሕክምና

ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ይቀመጡ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ህንድ፣ ቢሃር ግዛት። ካላ አዛር የያዛቸው ሰዎች አምቢሶም በሚል የንግድ ስም የሚታወቀውን መድኃኒት በኪሎ 10 ሚሊግራም ሒሳብ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በደም ሥር ወሰዱ። ከስድስት ወር በኋላ ሲመረመሩ ከመቶው 95 የሚሆኑት ድነዋል። ውጤቱ በ2010 ታተመ። አንድ ቀን ብቻ ታክሞ መዳን ተቻለ ተብሎ ተጨበጨበ፤ ጭብጨባውም ይገባው ነበር።

ጎንደር፣ አርባ ምንጭና የሱዳኗ ካሳብ። ያው መድኃኒት፣ ያው መጠን፣ ስሙ ያው የሆነ በሽታ። ከስድስት ወር በኋላ ድነው የተገኙት ከመቶ 58 ብቻ ናቸው። ሙከራው ሳያልቅ እንዲቆም ተደረገ።

ካላ አዛር ቀልድ የሚወድ በሽታ አይደለም። ካልታከመ የያዘውን ሰው ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ይገድላል። የሚያጠቃውም በመተማና በሁመራ የሰሊጥ እርሻ ለአረም እና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ ነው፤ ሌሊት ሜዳ ላይ፣ ከግራር ሥር የሚተኛውን። እንግዲህ ያ ሙከራ ባይደረግስ ኖሮ? አንድ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው የህንዱን መመሪያ አስተርጉሞ፣ ማኅተም አድርጎ ወደ መተማ ጤና ጣቢያ ቢልከውስ? ከመቶ ሠራተኛ ከ40 የሚበልጠው «ድነሃል» ተብሎ፣ በሽታውን በሆዱ ይዞ ወደ አገሩ ይመለስ ነበር። ሲያገረሽበትም ጥፋቱ የእሱ ይሆናል፤ «ምግብ አይበላም፣ ዘግይቶ ነው የመጣው፣ ጠበል ሲዞር ከረመ» ይባላል። መጠኑ ለሌላ ሰው የተለካ መሆኑን የሚጠረጥር አይኖርም።

ጉዳዩ በአንድ መድኃኒት የሚያበቃም አይደለም። ፓሮሞማይሲን የሚባለው መርፌ ህንድ ውስጥ ለ21 ቀን ሲሰጥ ከመቶ 95 የሚጠጋውን አድኗል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አስራት ኃይሉና ባልደረቦቻቸው ያንኑ መጠን በምሥራቅ አፍሪካ ሲሞክሩት በጥቅሉ ከመቶ 64 ገደማ ላይ ቀረ፤ ከሱዳን ጣቢያዎች በአንዱ እንዲያውም ከመቶ 20 አልደረሰም። ጥገኛ ተሕዋሲው ይለያያል፣ የታማሚው አካል ይለያያል፣ መድኃኒቱ በደም ውስጥ የሚቆይበት ሁኔታ ይለያያል። ይህን ሁሉ የነገረን ግምት ሳይሆን እዚያው ቦታ ላይ፣ እዚያው በሽተኛ ላይ የተሠራ ሙከራ ነው።

እዚህ ላይ «ሳይንስ አገር የለውም» የሚለው አባባል ይመጣል። በየስብሰባው የሚደጋገም፣ ሰምቶ ራሱን የማይነቀንቅ ሰው የሌለበት አባባል ነው። በከፊል እውነት ነው። የሳይንስ ዘዴ አገር የለውም፤ ጎንደር ላይ የሚሠራ ሙከራ ቦስተን ላይ ከሚሠራው ጋር በአንድ ሕግ ይዳኛል። ውጤቱ ግን አገር አለው። ውጤት የሚገኘው ከተለኩ ሰዎች ነው፤ የተለኩት እነማን እንደሆኑ ሳይጠየቅ የሚወሰድ ቁጥር በሌላ ሰው ልክ እንደተሰፋ ካፖርት ነው። አንዳንዱን ልክ ይመጣለታል፣ አንዳንዱን ይጠበዋል፣ አንዳንዱን ደግሞ እያደናቀፈ ይጥለዋል።

የተለኩት እነማን ናቸው? የሰውን ዘረ መል ከበሽታ ጋር የሚያገናኙ ሰፋፊ ጥናቶች እስከ 2018 ድረስ ተቆጥረው ነበር። ከተሳታፊዎቹ 78 በመቶው የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ናቸው። አፍሪካውያን 2 በመቶ። የሰው ልጅ መነሻ በሆነችው፣ በዘረ መል ብዝኃነት ከየትኛውም አህጉር በምትበልጠው አፍሪካ ላይ የዋለው ትኩረት ይህን ያህል ነው። በ2020 ተመራማሪዎች 426 አፍሪካውያንን ብቻ፣ ከ50 ብሔረሰቦች መርጠው ሙሉ ዘረ መላቸውን ሲያነቡ ከዚያ በፊት በየትም ያልተመዘገቡ ከ3 ሚሊዮን በላይ ልዩነቶች አገኙ። አራት መቶ ሃያ ስድስት ሰው! አንድ ትልቅ ሰርግ ላይ የሚታደመውን ሕዝብ እንኳ አይሞላም።

ይህ ሁሉ ለበሽተኛው ምን ያደርግለታል የሚል ካለ፣ የኮዴይን ታሪክ አለ።

ኮዴይን ለሕመም ማስታገሻነትና ለሳል ሲታዘዝ የኖረ የታወቀ መድኃኒት ነው። በራሱ ብዙ ኃይል የለውም፤ ጉበት ውስጥ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ጥቂቱን ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል፣ ሕመም የሚያስታግሰው ያ ሞርፊን ነው። አብዛኛው ሰው ይህን ኢንዛይም የሚያዝዘው ዘረ መል ሁለት ቅጂ አለው፤ አንድ ከእናት፣ አንድ ከአባት። አንዳንዱ ሰው ግን ሦስት፣ አራት፣ ከዚያም በላይ ቅጂ ይዞ ይወለዳል። የዚህ ሰው ጉበት ኮዴይኑን በፍጥነትና በብዛት ሞርፊን ያደርገዋል። ሐኪሙ ያዘዘው ቀላል ማስታገሻ፣ አካሉ የተቀበለው ከባድ ናርኮቲክ። ትልቅ ሰው ከሆነ ሊያዞረውና ሊያስመልሰው ይችላል። ሕፃን ከሆነ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ቶንሲል ከወጣላቸው በኋላ ኮዴይን ተሰጥቷቸው የሞቱ ሕፃናትን መርምሮ በ2013 ከባድ ማስጠንቀቂያ ያወጣው፣ በ2017 ደግሞ ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ፈጽሞ እንዳይሰጥ የወሰነው በዚህ ምክንያት ነው።

በስዊድናውያን ዘንድ ተጨማሪ ቅጂ ያለው ሰው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ነው። በኢትዮጵያውያንስ? በ1996 በስቶክሆልም ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት፣ ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ የ122 ኢትዮጵያውያንን ናሙና መርምረው መልሱን አሳተሙ፤ ከመቶ 29። ከሦስት ሰው አንድ ሊሆን ጥቂት የቀረው ማለት ነው። ለስዊድናዊ ሐኪም በሥራ ዘመኑ አልፎ አልፎ የሚገጥመው ነገር፣ ለኢትዮጵያዊ ሐኪም በየቀኑ ከደጁ የሚሰለፍ ነው።

(ለምን እንዲህ በዛ ለሚለው ተመራማሪዎቹ መላ ምት አላቸው። በችግር ዘመን ማንኛውንም ሥርና ቅጠል መብላት ግድ ሲሆን፣ የእጽዋቱን መርዝ ፈጥኖ የሚሰብር ጉበት ያለው ሰው ተርፎ ይሆናል ይላሉ። እውነት ከሆነ፣ የረሃብ ታሪክ በጉበት ውስጥ ተጽፎ ቀርቷል።)

ጥናቱ ወጣ። ከዚያስ? የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በዚህ ምክንያት ኮዴይንን ማገዱ በዓለም የሳይንስ መጽሔቶች እንደ በጎ ምሳሌ የተጠቀሰው ጥናቱ ከወጣ ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። መልካም ሥራ ነው፤ ሊመሰገን ይገባል። ግን ሃያ ዓመት! አንድ ሕፃን ተወልዶ፣ ሕክምና ትምህርት ቤት የሚገባበት ዘመን። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ጥናቱ ተደብቆ አልነበረም፤ መጽሔት ላይ ታትሟል፣ በሌሎች ሳይንቲስቶች በመቶዎች ጊዜ ተጠቅሷል። ያላነበበው ይበልጥ የሚመለከተው አካል ነበር።

ኮዴይን ታገደ፤ ትራማዶል ግን አለ። ትራማዶልም በዚያው ኢንዛይም ነው ወደ ጠንካራው ቅርጹ የሚለወጠው። የ2017ቱ የአሜሪካ ክልከላ ሁለቱንም መድኃኒቶች በአንድ ላይ የጠቀሰ ነው፤ ከ12 ዓመት በታች ይከለክላል፣ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዱ ያስጠነቅቃል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ከቀዶ ሕክምና በኋላ በብዛት ከሚታዘዙ ማስታገሻዎች አንዱ ደግሞ ትራማዶል ነው። በቀዶ ሕክምና ወልዳ፣ በማግስቱ ልጇን ጡት የምታጠባ እናት አልጋ አጠገብ የቆመ ሐኪም፣ ከሦስት እናቶች አንዷ ልትሆን የተቃረበችው «ፈጣን ለዋጭ» መሆኗን የሚያውቅበት መንገድ አለው? ምርመራው በአገሩ አለ? መመሪያው ላይ አንድ መስመር ተጽፎለታል? አብዛኛዎቹ ምንም አይሆኑም፤ ይህ መባል አለበት፣ ማስደንገጥ አያስፈልግም። ነገር ግን ከአሜሪካ ይልቅ የኢትዮጵያ መመሪያ በዚህ ነገር ጠበቅ ማለት ሲገባው ላላ ብሎ ቢገኝ በምንም ሒሳብ አያስኬድም።

ዚምባብዌም ተመሳሳይ ትምህርት ከፍላበታለች። በ2015 አገሪቱ ኤፋቪሬንዝ ያለበትን የኤችአይቪ ክኒን ለሕዝቧ አዳረሰች። ከሕዝቡ አንድ አምስተኛ የሚሆነው ግን ኤፋቪሬንዝን ቀስ ብሎ የሚያስወግድ ዘረ መል ከሁለቱም ወላጆቹ የወረሰ ነው። መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ይከማቻል፤ ቅዠት፣ ማዞር፣ የሌለ ነገር ማየት ይከተላል። ኮለን ማሲሚሬምብዋ የተባለው ዚምባብዌያዊ ሳይንቲስት ይህንን ከዓመታት በፊት አግኝቶ፣ መጠኑ ይቀነስ ብሎ ነበር። ሰሚ አጣ። ዓለም አቀፉ መመሪያ 600 ሚሊግራም ይል ነበራ! መመሪያው በተለካበት አገር የሚኖር ሰው አያዞረውም። ሐራሬ ላይ የሚያዞረው ሰው ክኒኑን ይጥላል፤ ክኒኑን የጣለ ሰው ደግሞ «መድኃኒቱን በሥርዓት የማይወስድ» ተብሎ ይመዘገባል።

ጥፋቱ በመድኃኒት ብቻ ቢሆን መልካም ነበር። መለኪያውም እንዲሁ ነው። በኮቪድ ዘመን ጣት ላይ የምትሰካዋን ትንሽ የኦክስጅን መለኪያ ያላየ የለም። ብርሃን በቆዳ ውስጥ አሳልፋ፣ የደሙን ቀለም አይታ ቁጥር ትሰጣለች። አሜሪካ፣ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሐኪሞች በታኅሣሥ 2020 ባሳተሙት ጥናት፣ መለኪያዋ «92 እስከ 96 ነው፣ ደህና ነው» ካለቻቸው ታማሚዎች መካከል ከደም ሥር ተቀድቶ ሲለካ ኦክስጅናቸው ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው ከነጮቹ 3.6 በመቶ፣ ከጥቁሮቹ 11.7 በመቶ ነበር። ሦስት እጥፍ። ይህ አዲስ ግኝት እንዳይመስል፤ በ1990 በታተመ ጥናት ላይ ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ነበር። ለ30 ዓመት ፋብሪካው ያመርታል፣ ሆስፒታል ይገዛል፣ ሐኪም ያነባል። የአሜሪካ ተቆጣጣሪ አካል አምራቾች በተለያየ የቆዳ ቀለም ላይ በሚገባ እንዲፈትሹ የሚያሳስብ ረቂቅ መመሪያ ያወጣው በጥር 2025 ነው። ኦክስጅን ሲሊንደር በተራ በሚታደልበት አገር «94 ነው፣ ለሌላው ይሰጥ» የተባለለት ሰው እውነተኛ ቁጥሩ ስንት ነበር? ይህን የሚጠይቅ ፋይል የለም።

ከላቦራቶሪ የሚወጣ የደም ምርመራ ወረቀትም አለ። ከውጤቱ ጎን «ጤነኛ ልክ» የሚል ዓምድ ይታያል፤ ከዚያ ዝቅ ያለ ሁሉ ምልክት ይደረግበታል። የማን ጤነኛ? ብዙ ጊዜ መልሱ ማሽኑን የሠራው ኩባንያ አገር ያለ ጤነኛ ነው። በ1990ዎቹ የኢትዮ ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በአቃቂና በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ሲሠራ፣ ቫይረሱ የሌለባቸው ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ሲዲ4 ቁጥራቸው ከጤነኛ ሆላንዳውያን በግልጽ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ያኔ መድኃኒት መጀመርና አለመጀመር የሚወሰነው በዚያው በሲዲ4 ቁጥር ነበር! ኑትሮፊል የሚባለው የነጭ ደም ሴልም እንዲሁ ነው። ደፊ በሚባል ዘረ መል ምክንያት ብዙ አፍሪካውያን፣ በእስራኤል ደግሞ የየመን አይሁዶችና ቤተ እስራኤላውያን፣ ሙሉ ጤነኛ ሆነው ሳለ ቁጥሩ ዝቅ ይልባቸዋል። ይህ በሽታ አይደለም። ነገር ግን የካንሰር ሕክምና የሚወስድ ሰው ወረቀቱ ላይ «ዝቅተኛ» ስለተባለ ብቻ መርፌው ሊዘገይበት፣ መጠኑ ሊቀነስበት፣ ከአዲስ መድኃኒት ሙከራ ሊገለል ይችላል። ካንሰሩ ግን አይዘገይም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሰማ አንድ ወገን ወዲያው ይጨፍርበታል። «አልንም ነበር! የፈረንጅ መድኃኒት ለጥቁር አልተሠራም፣ ተዉት» የሚለው ወገን። ይህ ወገን በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ድጋፍ ካገኘ ያነበበው በተቃራኒው ነው። አምቢሶም በጎንደርም ያድናል፤ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በተከፋፈለና በበዛ መጠን ሲሰጥ በዚያው ሙከራ ከመቶ 85 አድኗል። ኤፋቪሬንዝ ሚሊዮኖችን ከሞት አትርፏል፤ ያንሱን መጠን የሚወስድ ሰውም እኩል እንደሚድን በ2014 በታተመ ትልቅ ሙከራ ተረጋግጧል። ከመድኃኒቱ የጎደለው ልኩ ነው፤ ልኩን የሚያስገኘው ደግሞ ሙከራ ነው። «ደማችንን ሊወስዱ ነው፣ አይጥ ሊያደርጉን ነው» እያለ ከሙከራ የሚያሸሽ ሰው፣ ሳያውቀው የቢሃርን መጠን ወደ መተማ እየጫነ ነው።

ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ እንዳልሆነም መካድ አይቻልም። በ1996 በናይጄሪያ ካኖ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በነበረ ጊዜ ፋይዘር 200 የሚሆኑ ሕፃናት በተሳተፉበት ሙከራ ትሮቫን የተባለ መድኃኒት ሞክሮ 11 ሕፃናት ሞተዋል። ኩባንያው ሞቱ በመድኃኒቱ የመጣ አይደለም ብሎ ቢከራከርም፣ በ2009 ከካኖ ግዛት ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቷል። ወላጆቹ በሚገባ ተነግሯቸው ፈቅደው ነበር ወይ የሚለው ክርክር ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላልሷል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግን ጥብቅ የሥነ ምግባር ኮሚቴ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በሱማሊኛም የተጻፈ ግልጽ ስምምነት፣ ጉዳት ቢደርስ ካሳ የሚከፍል ሕግ ማቆም ነው። በሩን መዝጋት አይደለም።

ሌላው ወጥመድ በተቃራኒው በኩል ያለው ነው። ልዩነት አለ ሲባል «ጥቁር» የሚል አንድ ሳጥን ሠርቶ ሁሉንም እዚያ መክተት። አሜሪካ ይህን ሞክራ አይታዋለች። የኩላሊት ሥራ የሚሰላበት የ2009ኙ ቀመር ታማሚው ጥቁር ከሆነ ውጤቱን በ1.159 ያባዛ ነበር፤ ማለትም የጥቁር ሰው ኩላሊት በወረቀት ላይ በ16 በመቶ ገደማ ጤነኛ መስሎ ይወጣል። ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ የሚነዳ፣ ስኳርና ደም ግፊት ኩላሊቱን የጎዳው ኢትዮጵያዊ ቅጹ ላይ «ጥቁር» የሚለውን ሲያጠቁር፣ ኩላሊቱ በብዕር ተሻለ። የንቅለ ተከላ ወረፋ መያዣው ቁጥር ላይም ዘግይቶ ደረሰ። ቀመሩ የተቀየረው በ2021 ነው፤ ከዚያ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁር ታማሚዎች የወረፋ ጊዜያቸው ወደ ኋላ ተመልሶ ተስተካክሎላቸዋል። ለሞቱት የሚስተካከል ነገር የለም። ኢትዮጵያዊው በኮዴይን ጉዳይ ከዚምባብዌያዊው የተለየ ነው፤ ዚምባብዌያዊው ከናይጄሪያዊው። በኢትዮጵያ ውስጥም ጋምቤላና ሰሜን ሸዋ አንድ አይደሉም። የቆዳ ቀለም የዘረ መል ምትክ ሆኖ አያገለግልም፤ ያለው መንገድ መለካት ብቻ ነው።

መለካት ደግሞ ገንዘብ ነው። «ድሃ አገር ነን፣ ምርምሩን ሀብታሞቹ ይሥሩት፣ መድኃኒቱ ሲደርስ ይመጣል» የሚለው ክርክር ከሁሉም ይበልጥ አስተዋይ ይመስላል፤ ከሁሉም ይበልጥ የሚያስከፍለውም እሱ ነው። የዳላስ ተመራማሪዎች በ2006 ባሳተሙት ጥናት ከአፍሪካ አሜሪካውያን ከመቶ ሁለት ተኩል በሚሆኑት ላይ ፒሲኤስኬ9 የሚባለው ዘረ መል ሥራውን ያቆመ መሆኑን፣ እነዚህ ሰዎች በልብ የደም ሥር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ88 በመቶ ዝቅ ማለቱን አሳዩ። ከዚያ ግኝት ተነስቶ ኮሌስትሮልን እጅግ የሚቀንስ መርፌ ተሠራ። በ2015 ገበያ ሲወጣ ዋጋው በዓመት 14 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። የአፍሪካ ደም ያሳየው ምስጢር፣ አፍሪካ ልትገዛው የማትችለው መድኃኒት ሆነ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሏል ይህ ነው።

የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ የሚያውቅ ደግሞ አይገረምም። በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቀንድ አውጣው ቢልሃርዝያን የሚያዛምት ነው፤ እንዶዱ ደግሞ በየጓሮው የሚበቅል። ከዚህ የተሻለ ርካሽ መከላከያ ከየት ይመጣል? ነገር ግን የአፍሪካ ላቦራቶሪ ውጤት በቂ አይደለም ተባለ፤ ደኅንነቱ በሀብታም አገር ላቦራቶሪ እንደገና ይረጋገጥ ተባለ፤ ዓመታት አለፉ፣ አሥርተ ዓመታት አለፉ። አክሊሉና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ሲሰጣቸው፣ እንዶድ ገና በስፋት ሥራ ላይ አልዋለም ነበር። ቆይቶ የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ የውኃ ቱቦ የሚደፍን ዛጎለኛ ፍጥረት መግደሉን በስሙ አስመዘገበና የባለቤትነት መብት ወሰደበት። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል።

የአፍሪካ መሪዎች በ2007 እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው ከአገራዊ ምርታቸው 1 በመቶውን ለምርምር ለማዋል ቃላቸውን አድሰው ነበር። አብዛኞቹ አልደረሱበትም፤ ኢትዮጵያም አልደረሰችበትም። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ጉድለቱን የሚሸፍን የውጭ ገንዘብ ስለነበር ያን ያህል አላሳፈረም። በ2025 ግን የአሜሪካ የልማት ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ተዘጋ፤ የአሜሪካ የጤና ምርምር ተቋምም ለውጭ አገር አጋሮች በሥሩ የሚያስተላልፈውን ገንዘብ አቋረጠ፤ የሚገመግምበትን አሠራርም ለወጠ። ጆሃንስበርግና ካምፓላ ላይ ሙከራዎች በመሀል ቆሙ። የሙከራ መድኃኒት የወሰደ ሰው ክትትል ሲቋረጥበት ምን ይባላል? ይህን የወሰኑት ሰዎች መልስ አልሰጡም፤ አፍሪካ ግን እነሱን ብቻ ስትወቅስ መዋል አትችልም። ለራሷ በሽተኛ የሚሆን ልክ በሌላ አገር ምርጫ ላይ እንዲንጠለጠል የፈቀደው ማን ነው?

ይቻላል ወይ የሚል ካለ፣ መልሱ ከዚያው ከጎንደርና ከአብደራፊ ይመጣል። ኤችአይቪም ካላ አዛርም አብረው የያዙት ሰው ሕክምና ለረጅም ጊዜ ተስፋ የሚያስቆርጥ ነበር። በሁለቱ ቦታዎች ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ከድንበር የለሽ ሐኪሞችና ከሌሎች አጋሮች ጋር ሆነው አምቢሶምን ከሚልቴፎሲን ክኒን ጋር አጣምረው ሞከሩ፤ በ2019 አሳተሙ። በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ለምሥራቅ አፍሪካ መመሪያውን ሲቀይር በዚያ ውጤት ላይ ተመሥርቶ ነው። ለአንድ ጊዜ መመሪያው ከመተማ አካባቢ ወደ ጄኔቫ ሄደ።

ኤችአይቪ ለሌለበት የካላ አዛር ታማሚም እንዲሁ። ለ17 ቀን፣ በየቀኑ ሁለት የሚያሳምም መርፌ ይወጋ ነበር፤ ከሁለቱ አንዱ ልብና ቆሽትን ሊመርዝ የሚችል ነው። በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በሱዳንና በኡጋንዳ የተደረገው ሙከራ በ2023 ሲታተም፣ 14 ቀን ብቻ የሚወስድ፣ አንድ መርፌና አንድ የሚዋጥ መድኃኒት ያለበት ሕክምና ከመቶ 91 እንደሚያድን፣ ከአሮጌው እንደማያንስ አሳየ። ለአንድ የቀን ሠራተኛ ሦስት ቀን ማለት ሦስት ቀን ምንዳ ነው፤ የመርፌው ቁጥር ደግሞ ከ34 ወደ 14 ወረደ። የዚህን ሙከራ ዋና ወጪ የሸፈነው የአውሮፓ ኅብረት ነው፤ በርሊንና ሊዝበን ያለ፣ መተማ የት እንደሆነች ሰምቶ የማያውቅ ግብር ከፋይ። የመተማው ሰሊጥ ግን በየዓመቱ በሚሊዮን ዶላር ይሸጣል።